መኪናዋ የራስሽ ሳትሆን ትራፊክ ሲያስቆምሽ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ከሁለት ባልደረቦችሽ ጋር አንዲት ቪትዝ በተራ ትነዳላችሁ፤ ሊብሬው በአንዷ ስም ነው። ባለፈው ሜክሲኮ ላይ ትራፊክ አስቁሞሽ «መኪናዋ የማን ናት?» ሲልሽ የምትመልሺው ጠፋሽ። ምን ልበል፣ ምንስ ልያዝ ነው ያልሽው። እኔም ለዓመታት የጓደኛዬን መኪና ከሌላ አንድ ልጅ ጋር እየተቀያየርን ስለምንነዳ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህማ አንድን መኪና ለሁለት ለሦስት ሆኖ መጠቀም ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ስለዚህ ሲጠይቁሽ አትሸማቀቂ። የሰው መኪና መንዳት ጥፋት አይደለም። ችግር የሚሆነው ሲያስቆሙሽ የሚንተባተብ አፍና ባዶ ኪስ ይዘሽ ስትገኚ ነው።

እኔን ያስቆሙኝ ከፒያሳ ወደ ታች ቸርችል ጎዳናን ስወርድ ነው፤ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፌ ጥቁር አንበሳ ሳልደርስ። ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ ነበር፣ ያካፋል። ትራፊኩ በእጁ ዳር አስያዘኝና መጥቶ ሰላምታ ሰጠኝ። «መንጃ ፈቃድና ሊብሬ» አለ። መንጃ ፈቃዴን ሰጠሁት። ሊብሬው ያኔ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከፈትኩት። የፓርኪንግ ደረሰኞች አሉ፣ የሕፃን ካልሲ አለ፣ ሊብሬ የለም። ለካ ጓደኛዬ ኢንሹራንስ ልታሳድስ ይዛው ወጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ቀርቷል።

ደወልኩላት፣ ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። ትራፊኩ ስልኬን ይዞ እያየ «መኪናዋ የማን ናት?» አለኝ። እኔ ነገሩን ለማሳጠር ብዬ «የእህቴ ናት» አልኩት። አንዴ የእኔን መንጃ ፈቃድ፣ አንዴ ስልኩን አየ። ከዚያ ድምፁን ሳይጨምር «አባታችሁ ይለያያል እኮ» አለኝ። የእናት ልጅ ናት ብዬ ልቀጥል ስል «የአያቷ ስም ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቀውም። ከአሥር ዓመት በላይ የማውቃት ጓደኛዬ ናት፣ የአያቷን ስም ግን ጠይቄ አላውቅም። እዚያው ሐቁን ነገርኩት። የጓደኛዬ ናት፣ ለሦስት ነው የምንጠቀምባት፣ ዛሬ የእኔ ተራ ነው አልኩ። ደውል አለኝ፣ ድምፁን ከፍቼ አናገራት። ስሟን፣ ታርጋውን፣ የመኪናዋን ቀለም ጠይቋት ሲያበቃ ፊቱ ለዘብ አለ። ግን እስከዚያ ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዝናብ ላይ ቆመናል። የቆምነውም ሊብሬው ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ እኔ ስለዋሸሁ ነው። የተሰረቀ መኪና የሚነዳ ሰውም «የእህቴ ናት» ነው የሚለው። ሰውዬው መጠርጠሩ ሥራው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ «መኪናዋ የእኔ አይደለችም፣ የባልደረባዬ የእገሊት ናት፣ በጋራ እንጠቀማታለን፣ ወረቀቱ ይኸው።» ስሟን እስከ አያቷ ያዢው። ስልክ ቁጥሯንም ለየት ባለ ስም አስቀምጪው፣ በድንጋጤ ሰዓት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ሲያስቆሙሽ ደግሞ ዳርሽን ይዘሽ ሞተር አጥፊ፣ መስታወት አውርጂ፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት አብሪ። እጅሽ መሪው ላይ ይሁን። ሳይጠይቅሽ ኪስ መበርበር አትጀምሪ። «ምን አጠፋሁ?» ብለሽ በትሕትና መጠየቅ ትችያለሽ፣ መብትሽ ነው። መጨቃጨቅ ግን ምንም አይጠቅምም። የተጻፈው ክስ ልክ አይደለም ካልሽም ወረቀቱን ተቀብለሽ በኋላ ቅሬታ ታቀርቢያለሽ። ሻይ ቡና ብሎ ለመገላገል መሞከርን በጭራሽ አታስቢው። አንደኛ ወንጀል ነው። ሁለተኛ ደግሞ የሰው መኪና ይዘሽ እንደዚያ ስታደርጊ የምታስጠይቂው ራስሽን ብቻ አይደለም።

ያን ቀን ለምን እንዳስቆመኝ አልነገርኩሽም። የግራ ፍሬን መብራት ተቃጥሏል። ከእኔ በፊት የነዳው ልጅ ያውቅ ነበር፣ «ነገ አስቀይራለሁ» ብሎ ሳይነግረን ቀርቷል። ክሱ ግን የተጻፈው በእኔ መንጃ ፈቃድ ነው። መሪው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው የሚጠየቀው፣ አምፖሉ የተቃጠለው በማን ተራ እንደሆነ ትራፊኩን አያገባውም። በጋራ መኪና ላይ በጣም የሚያናድደው ነገር ይሄ ነው፤ ጓደኛም የሚያጣላው ይሄው ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስታችን ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ሊብሬውና ቁልፉ አይለያዩም አልን፤ ቁልፍ የያዘ ሊብሬውን ይዟል። መኪና ውስጥ ጥሎ ማደርም ቀረ፣ መኪናዋ ብትሰረቅ ሊብሬው አብሮ ይሄዳልና። ቁልፍ ስንቀባበል መኪናዋን አንዴ ዞረን እናያለን፤ አንዱ ፍሬን ይረግጣል፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ መብራቱን ያያል፣ ፍሬቻውንም። አራቱንም ጎን ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን፣ ሰዓቱ እዚያው ይመዘገባል። ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስቲከር መቼ እንደሚያልቁም ሁላችን ስልክ ላይ ማስታወሻ አለ። ይቺን አቅልለሽ አትያት። በአዋጅ 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፣ «ባለቤቷ ታሳድሰዋለች ብዬ ነው» ማለት አያድንሽም።

የኋላውንም ከፍተሽ እይ። አንድ ጊዜ ካዛንቺስ ላይ ፍተሻ ነበር፣ ክፈት ሲሉኝ የማላውቀው ትልቅ ሻንጣ አለ። የማን ነው? አላውቅም። ምን አለው? አላውቅም። የልጁ የስፖርት ልብስ ሆኖ ተገኘ እንጂ እስኪከፈት ድረስ የተሰማኝን ጭንቀት እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ዕቃ ያለበት መኪና አላስነሳም።

ወንድሜ ዋሽንግተን ነው ያለው፣ እዚያ ዚፕካር የሚባለውን በአፕ የሚከፈት የጋራ መኪና ይጠቀማል። የመኪናው ወረቀት እዚያው መኪናው ውስጥ አለ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደወሰደው ሲስተሙ ላይ ተመዝግቧል፣ ቅጣት ከመጣ በዚያ ሰዓት የያዘው ሰው ነው የሚከፍለው። እኛ ሲስተም የለንም፣ የቴሌግራም ግሩፓችን ነው ሲስተማችን። ቅጣት ሲጻፍብን ወረቀቱን በዚያው ቀን ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን፣ የነዳው በቴሌብር ይከፍልና ደረሰኙን ያሳያል። ቆማ እያለች መስታወት ላይ የተለጠፈ የፓርኪንግ ቅጣት ከሆነ ደግሞ ታርጋው ላይ ስለሚመዘገብ ዞሮ ዞሮ የሚያገኘው ባለቤቷን ነው። እኛም ቦሎ ልናሳድስ ስንሄድ ማንም የማያስታውሰው ያልተከፈለ ቅጣት ወጥቶብን ቀኑን ሙሉ ስንንከራተት ውለናል።

ለባልደረባሽ ለመኪናዋ ባለቤትም አስቢላት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ በቀር አያመልጥም። እሷ ቁልፉን ስትሰጥሽ ምን ያህል እንዳመነችሽ ከዚህ ተረጂው። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁ ከእሷ ሌላ የሚነዳ ሰው ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አንብቡት፣ ካልገባችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ግጭት ከደረሰ ደግሞ እዚያው ተስማምተን እንለያይ የሚለው ነገር የራስሽ መኪና ሲሆን ነው፣ የሰው ስትይዢ አይሆንም። ትራፊክ ጠርተሽ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ይነሳ። የተጎዳ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱ ነው፣ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ።

ኮድ 2 ከሆነች በተራሽ ቀን ሰው በክፍያ አትጫኚ። የቤት መኪና ናት፣ ከተያዝሽ ባለቤቷንም ይዘሽ ነው የምትገቢው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ እኛ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን ውክልና አሠራን። ቸርችል ላይ ይህ ቢኖረኝ ኖሮ ነገሩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አስቁመውኝ አይተው ወዲያው መልሰውልኛል። ውክልናው ላይ ግን «ለመንዳትና ከመኪናዋ ጋር የተያያዙ ጉዳዮችን ለማስፈጸም» ብቻ ተብሎ ይጻፍ። የተለመደውን ፎርም ዝም ብላችሁ ከፈረማችሁ መሸጥ መለወጥም ይገባበታል፣ ያ ለእሷም ለእናንተም ጥሩ አይደለም። ከፈለግሽ የእኛን ይዘት ስሞቹን አጥፍቼ በውስጥ መስመር ልልክልሽ እችላለሁ። ታርጋውንና የሻንሲ ቁጥሩን ስታስገቡ ግን ሊብሬውን እያያችሁ ጻፉ፤ እኛ አንድ ቁጥር ተሳስተን ደግመን አሠርተናል።