በጾሙ ተለውጬ በፋሲካ ማግሥት ወደቅሁ፤ ንስሐዬ ከንቱ ነበር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። 31 ዓመቴ ነው፤ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። መጠጥ ከያዘኝ 6 ዓመት ሆኖኛል፤ ለመጠጥ ስልም ከሱቁ ሒሳብ ጥቂት በጥቂት ወስጃለሁ። ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ንስሐ ገባሁ። የንስሐ አባቴ ለ40 ቀን በቀን 41 ስግደት አዘዙኝ፤ እኔ ግን በራሴ 150 አድርጌው ነበር። 55ቱን ቀን መጠጥ አልቀመስኩም። ከፋሲካ በኋላ ግን ሳምንት ሳይሞላኝ ተመለስኩበት። አሁን ጰራቅሊጦስ ሊደርስ ነው፤ አባቴን ቀና ብዬ ማየት ስላፈርኩ እሳቸው ወደሚያገለግሉበት ደብር መሄድ ትቻለሁ። «በክርስቶስ የሆነ አዲስ ፍጥረት ነው» ከተባለ እኔ ለምን አልተለወጥኩም? ሌላ የንስሐ አባት ልያዝ? ቅዱስ ቁርባንስ ለእንደኔ ዓይነቱ ይፈቀዳል? ይመልሱልኝ፤ ቃለ ሕይወት ያሰማልን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የወደቅህበትን ጊዜ ልብ ብለህ ተመልከት። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት (በበዓለ ሃምሳ) ስግደት የለም፤ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። የደስታ ወራት ነውና ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ሠርታዋለች። አንተ ግን ከመጠጥ የሚጠብቅህን አጥር በሙሉ ያጠርከው በጾምና በስግደት ብቻ ነበር። በትንሣኤ ሌሊት ሁለቱም ባንድ ላይ ተነሡ፤ አጥሩ ሲነሣ ከብቱ ወጣ። ጸሎት ግን አልተነሣም፤ ቅዳሴው፣ ምጽዋቱ፣ ከአባትህ ጋር መገናኘቱም አልተነሣም። ከአባትህ መሸሽህን ከመናገርህ በቀር በደብዳቤህ ውስጥ እነዚህን ስለ መያዝህ አንድም ቃል አላገኘሁም። ስለዚህ ንስሐህ ከንቱ አልነበረም፤ ሳይጨርስ የተተወ ነው።

የጠቀስከው ቃል 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥17 ላይ ነው። ለማን እንደተጻፈ አስበህ ታውቃለህ? ከጌታ ማዕድ ቀርበው «አንዱ ይራባል አንዱም ይሰክራል» ተብለው ለተወቀሱት ለቆሮንቶስ ሰዎች ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥21)። ሐዋርያው ጳውሎስ «አዲስ ፍጥረት» ባለበት በዚያው መልእክት በ12፥21 ላይ ቀድሞ በድለው ንስሐ ስላልገቡት ብዙዎች እንዳያዝን ይፈራል። አዲሱን ልደት በጥምቀት አግኝተነዋል፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን። ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ደግሞ የተጠመቁትን «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» ይላቸዋል (12፥2)። መለወጡ ከተጠመቁ በኋላም የሚሠራ ሥራ ነው ማለት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ የግብጻዊቷን የቅድስት ማርያምን ታሪክ አንብብ፤ በዓሏ ሚያዝያ 6 ነው። ከ12 ዓመቷ ጀምራ በእስክንድርያ በዝሙት የኖረችው 17 ዓመት ነበር። በኢየሩሳሌም ከቤተ መቅደሱ ደጅ ተመልሳ፣ ዮርዳኖስን ተሻግራ በረሃ ከገባች በኋላ የቀድሞው ምኞት፣ የወይኑና የዘፈኑ ትዝታ ሳይቀር፣ ሲታገላት የቆየው ደግሞ ሌላ 17 ዓመት ነው። በበረሃ ላገኛት መነኩሴ ለአባ ዞሲማስ እያፈረችም ቢሆን ይህን አልደበቀችውም። አንተ የ6 ዓመት ልማድ በ55 ቀን ተነቅሎ እንዲያልቅ ጠብቀህ፣ ሳያልቅ ሲቀር ራስህን «ያልተለወጠ» አልከው። 6 ዓመት ትታገላለህ ማለቴ አይደለም፤ እግዚአብሔር በአንድ ቀንም ማድረግ ይችላል። ግን ትግሉ ስለቀጠለ ብቻ ንስሐው አልሠራም ማለት አትችልም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ንስሐ ሦስት ነገር ይዟል፤ ኀዘን (ጸጸት)፣ ኑዛዜና ቀኖና (የንስሐ አባት የሚያዘው ስግደትና የመሳሰለው)። ኀዘኑ አለህ። የሚያሳስበኝ ኑዛዜህ ነው። «ጠጪ ነኝ፣ እንደ ሰው በድያለሁ፣ አባቴ ይፍቱኝ» ብለህ ከሆነ ገንዘቡን ተናገርከው ወይስ ዘለልከው? ብዙ ሰው ትልቁን ይናዘዝና አሳፋሪውን ያስቀራል። ምሳሌ 28፥13 «ኃጢአቱን የሚሰውር አይለማም፤ የሚናዘዝባትና የሚተዋት ግን ምሕረትን ያገኛል» ይላል። በግእዙ «ናዘዘ» ማለት አጽናና ማለት ነው፤ እመቤታችንን ያዘኑትን የምታጽናና ስንል «ናዛዚት» የምንላትም ከዚሁ ነው። ኑዛዜ መጽናናት ነውና ካህኑን እንደ ዳኛ አትፍራቸው። የሰሙትንም እንዳያወጡ ሥርዓቱ ያስራቸዋል።

ለኑዛዜ ሁለት ሦስት ቀን ተዘጋጅ። አሥርቱን ትእዛዛትና ስድስቱን ቃላተ ወንጌል («ተርቤ አብልታችሁኛል» እያሉ የሚሄዱትን) አንድ በአንድ እያየህ በወረቀት ጻፍ። ምን እንዳደረግህ፣ ስንት ጊዜ ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጻፍ፤ ያላደረግኸውንም፣ ማለትም ያላበላኸውን የተራበ፣ ያልጠየቅኸውን የታመመ፣ አትርሳ። የሌላ ሰው ስም አታስገባ፤ «ጓደኞቼ ጎትተውኝ» የሚለው የእነሱ ኑዛዜ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። የዝሙት ነገር ካለም ዓይነቱንና ጊዜውን መናገር ይበቃል፤ መተረክ አያስፈልግም። ተናዝዘህ ስትጨርስ ወረቀቱን አቃጥለው። (በነገራችን ላይ በስቅለት ማታ በወይራ መጠብጠብና የታዘዘውን መስገድ የዕለቱ ሥርዓት ነው። የዓመቱን ኑዛዜ በዚያች አጭር ጊዜ እንጨርሳለን የሚሉ ምእመናን አሉ፤ እንደዚያ አይደለም።)

ስለ ቀኖናው፤ 41 ታዝዘህ 150 የሰገድከው በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ቀኖና ክፍያ አይደለም፤ ዋጋው በክርስቶስ ደም ተከፍሏል። ቀኖና መድኃኒት ነው፣ መጠኑን የሚወስነውም የንስሐ አባት ነው። በራስህ የጨመርከው 109 ስግደት ሁለት ጉዳት አምጥቶብሃል። አንደኛ፣ ጉልበትህን በሁለት ወር ጨርሰህ ፋሲካን እንደ ዕረፍት ጠበቅከው። ሁለተኛ፣ በልብህ «ከታዘዝኩት በላይ አድርጌያለሁ» የሚል ሒሳብ ስለያዝክ ስትወድቅ የከሰርክ መሰለህ። ቢከብድህም ቢቀልልህም ለአባትህ ንገር እንጂ ራስህ አትቀንስ፣ አትጨምርም። እኔም ከዚህ ሆኜ ቀኖና ልሰጥህ አልችልም፤ ሥልጣኑ የካህኑ ነው።

አሁን ከሁሉ የዘገየው ጉዳይ ላይ ደረስን፣ ገንዘቡ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ከተናገረው አንዱ «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» የሚል ነው (ሉቃ. 19፥8)። ኦሪትም የወሰደ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ታዛለች (ዘሌ. 6፥5)። የወሰድከውን በሐቅ ደምር፤ በትክክል ካላስታወስከው ከፍ አድርገህ ገምት። ለምሳሌ 12,000 ብር ቢሆን አምስተኛው 2,400 ነው፤ 14,400ውን በወር 1,200 ብትከፍል በ12 ወር ያልቃል። ለባለቤቱ በምን መንገድ እንደሚደርስ፣ ራስህ ብትነግረው ይሻል እንደሆነ ወይም በሽማግሌ በኩል ይሁን፣ ከአባትህ ጋር ምከር። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ገንዘቡን ለነዳያን መስጠት ወይም ጧፍና ዕጣን መግዛት አያወጣህም፤ በሰው ገንዘብ መመጽወት ነው የሚሆነው። ሰውየው ወይም ወራሾቹ ፈጽሞ የማይገኙ ከሆነ ግን አባትህ ለድሆች እንዲውል ያዝዙ ይሆናል። ከተቻለም ከገንዘብ ሳጥኑ ወደ ዕቃ ክፍል እንዲያዛውሩህ ጠይቅ። እጅህ ገና ሳይፈወስ በየቀኑ የሰው ብር እንዲቆጥር ማድረግ ራስን መፈተን ነው። የሰው ገንዘብ እዳ ሆኖ እያለ ስካሩ የሚመለስበት ምክንያትም አለው፤ ሰው ሊያስበው የማይፈልገውን ነገር ለመርሳት ይጠጣል።

ስለ መጠጡ ጌታ በማቴዎስ 12 የነገረን ምሳሌ አለ፤ ርኩስ መንፈስ ከወጣ በኋላ ቤቱን «ባዶ ሆኖ ተጠርጎ አጊጦም» አገኘውና ሰባት ይዞ ተመለሰ። ጥፋቱ መጠረጉ አልነበረም፣ ባዶ መቅረቱ ነው። ስለዚህ የምትጠጣበትን ሰዓት ለይተህ ሌላ ነገር ተክልበት። ከሥራ መልስ ከሆነ፣ በተለይ ደመወዝ በምትቀበልበት ቀን፣ መንገድህን ቀይር፤ በሠርክ ጸሎት ሰዓት፣ ማለትም ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግባ። ሙሴ ጸሊም ከሽፍትነት መጥቶ በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ ሲመነኩስ በሥጋ ፈተና በተጨነቀ ጊዜ ሌሊት እየዞረ የአረጋውያን መነኮሳትን ማድጋ ውኃ ይሞላላቸው ነበር። እጁ ሥራ ያዘ፤ ያም ሥራ ለሌላው ጠቀመ። አንተም በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በደብሩ ጽዳት፣ ሰው የሚጠብቅህ ቀጠሮ ይኑርህ። ማኅበር ወይም ዝክር ስትጠራ ጠላ ቢቀዳልህ ብርዝ ወይም ውኃ ጠይቅ። «የጻድቁን ዝክር እንዴት አልቀምስም» ለሚልህ እምቢ ማለትህ የጻድቁን በረከት አያጎድልብህም።

አንተ 55 ቀን ያለ ሕመም ስላቆምክ አያሰጋህ ይሆናል፤ ሌሎች ስለሚያነቡት ግን ልጨምር። መጠጥ ሳይቀምስ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ላብ የሚያጠምቀው ሰው በድንገት ማቆም ለሕይወቱ ያሰጋዋልና አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም እግዚአብሔር ከምድር እንደፈጠረ ያስተምራል። ጠበሉና ሕክምናው አይጣሉም።

የጸሎት ሥርዓትህን ደግሞ በዓመቱ ሁሉ የምትዘልቀው አድርገው። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ባንድ ጊዜ አትጫን። ለጊዜው ጠዋትና ማታ ብቻ፣ ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፤ ማታ ከዳዊት አንድ ንጉሥ። አንድ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው፤ በ15 ቀን ዳዊቱን ትጨርሰዋለህ። ይህም ከበዛ ከአባትህ ጋር ቀንሰው። በበዓለ ሃምሳም በጾምም አንድ ዓይነት ሆኖ ሲቀጥል ነው አጥር የሚሆንልህ።

ብትወድቅስ? በወደቅህበት ዕለት፣ ስካሩ እንደለቀቀህ፣ መዝሙር 50ን («አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ») አንብብ፤ በዚያው ሳምንት ወደ አባትህ ሂድ። የጎዳህ የፋሲካ ሳምንት መጠጥ ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ የተደበቅህባቸው ሳምንታት ናቸው። ጴጥሮስም ይሁዳም በአንድ ሌሊት ወድቀዋል፤ ይሁዳም ተጸጽቷል፣ ብሩንም መልሷል፣ ወደ ጌታ ግን አልተመለሰም። በሌላ በኩል «ነገ እናዘዛለሁ» እያሉ ዛሬ መጠጣት ሌላ ነገር ነው፤ ሐዋርያው «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ብሎ የዘጋው በር ነው (ሮሜ 6፥1)።

ሌላ የንስሐ አባት አትያዝ። አባት የሚቀየረው በሞት፣ ከአካባቢ በመራቅ ወይም በእውነተኛ ምክንያት ነው፤ ያውም አስፈቅዶና ተሰናብቶ። እፍረት ምክንያት አይሆንም። አዲሱ አባት 41 ታዝዘህ 150 እንደሰገድክ፣ በፋሲካ እንደወደቅህ አያውቁም፤ እንደገና ከ41 ይጀምሩልሃል፣ አንተም እንደገና በዚያው መንገድ ትወድቃለህ።

ቅዱስ ቁርባን ይፈቀድልሃል፤ በወደቅህ ማግሥት ግን አይደለም። ተናዝዘህ፣ ቀኖናህን ፈጽመህ፣ አባትህ «ቅረብ» ሲሉህ ነው። «ምኞቱ ፈጽሞ ሲጠፋልኝ» ወይም «ሳረጅ» ብለህ አትጠብቅ፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ብቻ የሚቆርቡባት ቤተ ክርስቲያን የሆነችው ጎልማሳው እንዲህ እያለ ስለቀረ ነው። የዝግጅት ጾሙ 18 ሰዓት ነው። ሥጋ ወደሙ የሚታደለው ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ከሆነ ከዋዜማው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እህል ውኃ አይቀመስም፤ ይህ በበዓለ ሃምሳም አይቀርም። ቅዳሴውን ከመጀመሪያው አስቀድስ። ከቆረብክ በኋላ ማየ መቍረሩን (ለቆራቢ የሚሰጠውን ውኃ) ጠጣ፤ በዚያ ዕለት ምራቅ አይተፋም፣ አይሰገድም፣ ከጠብና ከዋዛም ትርቃለህ። ስትቆርብ ቀጣዩን ቀን ከአባትህ ጋር አስቀድመህ ያዝ፤ ቀን የተቆረጠለት ሰው ቅዳሜ ማታ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ይገባል። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባትህ ዘንድ ቅረብ። ምን ብዬ ልጀምር ካልክ እንዲህ በል፦ «አባቴ፣ ከፋሲካ በኋላ ወድቄያለሁ፤ አፍሬ ቀርቼ ነበር። በፊት ያልነገርኩዎት የገንዘብ ጉዳይም አለ።» የደመርከውን ሒሳብ የያዘውን ወረቀት ኪስህ ውስጥ ይዘህ ሂድ።