ለቤዝ ጊታሩ ጆሮ ስጡት

ሙዚቃን ሙያችሁ ልታደርጉ ለተነሣችሁ ልጆቼ፤

ዕድሜዬን በድምፅ ቀረጻ ሥራ አሳልፌአለሁ። ጀማሪ ሙዚቀኞች ምን ብንሰማ ይሻለናል ሲሉኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራላቸው ቢትልስ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ አልበም «አቢ ሮድ»ን ነው። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1969 ነው። ያኔ ከባንዱ አራት አባላት አንዳቸውም 30 ዓመት አልሞላቸውም፤ ጆርጅ ሃሪሰን ገና 26 ዓመቱ ነበር። ዕድሜያቸውን ማንሣቴ ብስለትን ለሽበት ዘመናችሁ እንዳታቆዩት ብዬ ነው።

በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የጀመሩት ቀረጻ ጭቅጭቅ የበዛበት ነበር፤ ሃሪሰን ለጥቂት ቀናት ጥሎ እስከ መውጣት ደርሷል። በኋላ ፖል ማካርትኒ ፕሮዲውሰራቸውን ጆርጅ ማርቲንን እንደ ድሮው አብረን እንሥራ አለው። ማርቲንም፣ በእርግጥ እንደ ድሮው የምትሠሩ ከሆነ ብሎ ተስማማ። እንዲያ ተቀያይመው የነበሩ ሰዎች አንዱ ለሌላው ዘፈን ይህን ያህል መጠንቀቃቸው ዛሬም ይደንቀኛል።

ከአልበሙ «ሰምቲንግ»ን ክፈቱና ድምፃዊውን ለጊዜው ተዉት፤ ቤዝ ጊታሩን ብቻ ተከተሉ። ዘፈኑ የሃሪሰን ነው፣ ቤዙን የሚጫወተው ማካርትኒ። ቤዙ የራሱ ዜማ አለው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠይቃል፣ ይመልሳል፤ ግጥሙን ግን አይሸፍንም። ሃሪሰንም ሶሎው ጋ፣ ማለትም ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበት ጋ ሲደርስ የጣቱን ፍጥነት ሊያሳየን አይሞክርም። ሲዘፍን የነበረውን በጊታር ይቀጥለዋል፣ በቃ። እንዲህ አድርገህ ተጫወት ብዬ የምለምነው ወጣት ብዙ ጊዜ ችሎታውን ያሳነስኩበት ይመስለዋል። ልጄ፣ ከባዱ ይኼ ነው።

ቀጥሎ «ቢኮዝ»ን ስሙ። ጆን ሌነን፣ ማካርትኒና ሃሪሰን ሦስት ድምፅ ሆነው ዘፈኑ፤ ያንኑ ሁለት ጊዜ ደግመው ደረቡበት። የምትሰሙት ዘጠኝ ድምፅ ነው፣ ግን አንዱም ከሌላው በላይ ልሰማ አይልም። መቅጃው ስምንት ትራክ (ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳበት መስመር) ብቻ ስለነበረው የሚገባውንና የሚቀረውን መወሰን ግድ ነበር። እናንተ በላፕቶፓችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ትራክ መክፈት ስለምትችሉ፣ ይህን ውሳኔ የሚያስገድዳችሁ የለም፤ ራሳችሁ ልመዱት።

ድራመሩ ሪንጎ ስታር የድራም ሶሎ አይወድም ነበር። ከባንዱ ጋር በቀዳቸው አልበሞች ሁሉ ያለው ሶሎ አንድ ነው፤ «ዚ ኤንድ» ላይ ታገኙታላችሁ፤ አጭር ነው፣ ምቱም አይናጋም። ወዲያው ማካርትኒ፣ ሃሪሰንና ሌነን ሁለት ሁለት ባር (አጭር የምት ክፍል) እየተቀባበሉ ጊታር ይጫወታሉ። ሦስት ጠባይ በግልጽ ይሰማል፤ ተራውን የሚያሳልፍ ግን የለም።

ይህን ሁሉ ቆራርጣችሁ ከሰማችሁት አታገኙትም። በሸክላው ሁለተኛ ገጽ «ዩ ኔቨር ጊቭ ሚ ዩር መኒ» ላይ የተጀመረው ዜማ ብዙ ቆይቶ «ካሪ ዛት ዌይት» ውስጥ ይመለሳል። መመለሱ ልብ የሚነካው ግን መጀመሪያውን ለሰማ ሰው ነው። ስለዚህ ከባንድ ጓደኞቻችሁ ጋር ስልካችሁን አጥፍታችሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙት። ድራመራችሁ ቤዙን ይከታተል፣ ቤዚስታችሁ ድራሙን፣ ድምፃዊያችሁ ደግሞ ጊታሩን። ልምምድ የምትጀምሩት ከዚያ በኋላ ይሁን፤ እያንዳንዳችሁ የሰማችሁትን ለባለ መሣሪያው ከነገራችሁት በኋላ።