ጣሳው

ልጄ፣ «ወላጆቼ ገጠር ያለ የክርስቲያን አዳሪ ትምህርት ቤት ሊያስገቡኝ ነው፤ ልግባ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አጭር መልስ ልጽፍልሽ ነበር። ግን ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳኝ።

እኔም 9ኛ ክፍል የገባሁት እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ነው፤ ከደሴ ወጣ ብሎ፣ ደጋው ላይ። ጥቂት ልጆች ነበርን። ጠዋት ጸሎት፣ ማታ ጸሎት፣ መሀል ላይ ትምህርትና የድንች ማሳ። የጥቅምት ውርጭ ብርድ ልብሱን አልፎ ይገባል።

ከአጠገቤ የሚተኛው ልጅ ሙስሊም ነበር። ሌላ ትምህርት ቤት ቅርብ ስላልነበረ አባቱ እዚያ አስገቡት። ሂሳብ የገባኝ በእሱ ነው። አንድ ቀን የታሪክ መምህራችን ስለ 1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ አስተማረን። አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሣ እንዳሉት ሲነግረን፣ ጓደኛዬ እጁን አወጣ። «ቅድመ አያቴ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ነበሩ» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

በ1963 ረመዳን የገባው በጥቅምት ማብቂያ ነው። እራት 11 ሰዓት ይቀርባል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኩሽናው ይዘጋል። ስለዚህ ድርሻውን በጣሳ ደብቄ መኝታ ቤት አስገባለት ነበር። ክልክል ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ እኔም ጾምኩ። ለጥቂት ቀን ሁለታችንም ጾመኞች ሆንን፤ እሱ በዚህ በጣም ደስ አለው።

በዚያው ሳምንት የመኝታ ቤቱ ኃላፊ ጣሳውን አገኘው። «የማን ነው?» አለ። እናቴ በሶ የላከችልኝ ጣሳ ነው። «የእሱ ነው» አልኩ። ጓደኛዬ ዞሮ አየኝ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ወላጅ አምጣ ተባለ። በማግስቱ ሄደ፤ አልተመለሰም።

የእናቴ ወንድም ሙስሊም ነው። እናቴ ማፍጠሪያ ስትሠራለት እያየሁ ነው ያደግኩት። ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። እኔ ግን ለገና እረፍት ስወጣ በጓደኛዬ መንደር ላለማለፍ መንገድ ቀየርኩ። በኋላ ጎንደር ተምሬ ጤና መኮንን ሆንኩ። ያልረገጥኩት ገጠር የለም፤ እዚያ ግን አልሄድኩም።

እናንተ የዛሬ ልጆች በስልክ፣ በሁለት ቃል ይቅርታ ትጠይቃላችሁ። ነገሩን አቀለላችሁት እያልኩ እናደድባችኋለሁ። ግን እኔን ከ50 ዓመት በላይ ያቃተኝን ነው የምታደርጉት።

ግቢ እላለሁ። የራሴን ሴት ልጅ ግን አላስገባሁም። እናቷ እምቢ አለች እል ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ ጥናቱና ስለ ምግቡ ደርሰሽ ታይዋለሽ። ከገባሽ ግን ጻፊልኝ፤ ከአጠገብሽ ማን እንደምትተኛ ንገሪኝ።