መጀመሪያ ዳንቴሉን አንሳው

ጥያቄ፦ ሰላም። የምኖረው ገርጂ ነው፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ዓምና ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ገዛሁ፣ የግራፊክስ ካርድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ምስል የሚሠራው ክፍል፤ ለወራት ምንም ችግር አልነበረበትም። አሁን ግን ረዘም ያለ ቪዲዮ ሬንደር ሳደርግ (ኤዲት ያደረግኩትን አንድ ፋይል አድርጌ ሳወጣ) ወይም ማታ ትንሽ ጌም ስጫወት ፋኑ ሄሊኮፕተር ይሆናል፣ ምስሉ ይንተፋተፋል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሙቀቱን ሳየው 87 ዲግሪ ይላል። ጥገና ቤት ብወስደው ሳይከፍቱት «ቺፑ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ፔስት (በቺፑና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ቀይር ይለኛል። ኮምፒውተሩ የሚቀመጠው ሳሎን፣ ቡፌው ሥር ነው፤ ፎቶ አያይዣለሁ። ጥር ደርሷል፣ ሥራ ተደራርቦብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የተቃጠለ ቺፕ ሰርግ አይሠራም። ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ወይ ስክሪኑ ላይ መስመር ይጋደምብህ ነበር፣ ወይ ጭራሽ ምስል አይሰጥህም ነበር። ያንተ እየሠራ ነው፤ ግን ታፍኖ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ብርህን ኪስህ አድርግና ቀስ ብለን እንየው።

ፎቶህን ሳይ ሳቄ መጣ፣ አትቀየመኝ። ኬዙ፣ የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ቡፌው ሥር ተወሽቋል። ጀርባው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከላይ፣ ልክ አየር መውጫው ላይ፣ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎበታል፤ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ። እናትህ ናቸው ብዬ ገመትኩ። የኔም እናት እንደዚያው ናት፣ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ቤቷ ውስጥ አይታያትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይሄ ካርድ ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም 125 ዋት አካባቢ ይበላል። የበላው ሁሉ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ነው የሚሆነው። የድሮውን ባለ 100 ሻማ አምፖል ቁም ሳጥን ውስጥ አብርተህ በሩን ዝጋ፤ ካርድህ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የተነፈሰው ትኩስ አየር መውጫ አጥቶ ይመለስና ራሱ ፋኑ መልሶ ይስበዋል። ፋኑ ቢጮኽም የሚያዞረው ያንኑ የጋለ አየር ነው።

87 ምን ማለት ነው? አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከፍታችን ነው ምክንያቱ። ስለዚህ ቺፕህ ለመፍላት ጥቂት የቀረው ሻይ ነው ማለት ትችላለህ። ለሰው ያስፈራል፣ ለቺፕ ግን ወዲያው የሚገድል ነገር አይደለም፤ የዚህ ካርድ ጣሪያ 90 አካባቢ ነው። ካርዱ ሞኝ አይደለም፣ 80ዎቹ ውስጥ ሲገባ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። ምስሉ የሚንተፋተፍብህ ለዚያ ነው። ሩጫ ላይ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቆም እያለ እንደሚሮጠው።

አሁን ፔስትም ብሎንም ሳትነካ አንድ ሙከራ አድርግ። ጂፒዩ-ዜድ ወይም ኤችደብሊውኢንፎ የሚባሉትን የካርዱን ሙቀት የሚያሳዩ ነፃ ፕሮግራሞች አውርድ። ኮምፒውተሩ ባለበት ሆኖ አንድ ሬንደር ለ20 ደቂቃ አስኪድና ቁጥሩን ጻፍ። ከዚያ ኬዙን ከቡፌው ሥር አውጣው፣ ዳንቴሉን አንሳው፣ የጎን ክዳኑን ፍታ፣ ያንኑ ሬንደር ለ20 ደቂቃ ድገመው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ችግሩ አየር ብቻ ነው፣ ካርዱን መፍታት አያስፈልግህም። ሁለት ሦስት ዲግሪ ብቻ ከወረደ ግን ካርዱ ራሱ ውስጥ ጉድ አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሙከራ ዘሎ በቀጥታ ስክሩድራይቨር ያነሳል፣ ከዚያ ደግሞ ደህና የነበረውን ነገር ሰብሮ ይመጣል።

ክዳኑ ከተፈታ አይቀር አቧራውንም እየው። እኔ በፊት የነበረኝ ኮምፒውተር ቡና ከሚፈላበት ጥግ አጠገብ ነበር። ዕጣኑ፣ የቡናው ጭስ፣ የጋቢ ብናኝ፣ ሁሉም ተደምሮ እዚያው ይገባል። አንድ ቀን ካርዱን አውጥቼ በእጅ ባትሪ በፋኑ ክንፎች መሃል ሳይ፣ ከሥር ያለው የብረት ክንፍክንፍ ጭራሽ አይታይም። ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሷል። በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፉን ሳነሳው እንደ እንጀራ ተገልጦ ወጣ፣ በአንድ ቁራጭ፣ የዕጣን ሽታው ሳይቀር። ጭስ ያለበት ቤት አቧራው ደረቅ አይደለም፣ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ፉ ብለህ አታስለቅቀውም፣ ለስላሳ ብሩሽ ያስፈልግሃል።

ስታጸዳ ሶኬቱን ንቀል፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫን፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ። የኬዙን ብረት ነካ አድርግ። ካርዱን ስታወጣ መጀመሪያ ብሎኖቹን ከኋላ ፍታ፣ ከዚያ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ላይ ካርዱን የያዘችውን ትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ ተጫን። ይህቺን መቆለፊያ ረስቶ እየጎተተ የሰበረ ስንቱን አይቻለሁ። ብሎወር ከተጠቀምክ ፋኑን በጣትህ ያዘው፤ በነፋስ ኃይል ካለ ልክ ከተሽከረከረ መዘውሩ ይጎዳል። አደራህን፣ ጎሚስታ ቤት እንዳትወስደው። ኬዝ ተሸክማችሁ ጎማ የሚነፋበት ኮምፕረሰር ጋ የምትሄዱ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። እዚያ የሚወጣው አየር ውሃ የቀላቀለ ነው፣ ግፊቱም ለጎማ እንጂ ለካርድ አልተሠራም።

ወደ ጓደኛህ ምክር ስንመጣ፣ ፔስት መቀየር ስህተት አይደለም፣ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። መለያው ይኸውልህ፦ ፕሮግራሙ ላይ ከተራው ሙቀት ሌላ «ሆት ስፖት» የሚል ቁጥር አለ፣ ቺፑ ላይ በጣም የጋለው ነጥብ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 10 ወይም 15 ዲግሪ ከሆነ ጤነኛ ነው። 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፔስቱ ደርቋል፣ ወይም ማቀዝቀዣው ብረት ቺፑ ላይ በደንብ አልተቀመጠም። ያኔ ትከፍታለህ። ስትከፍት ብረቱን ላጥ አድርገህ እንዳትጎትተው፣ የፋኑ ገመድ ከሥር ተያይዟል። የድሮውን ፔስት በአልኮል አጽዳ፤ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል፣ ፋርማሲ የሚሸጠውም 70 ከመቶ ይሆናል፣ ግን በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ። አረቄ አይሆንም ወይ ያልከኝ አንድ አንባቢ ነበርክ፣ አይሆንም፣ ጠጣው። የጥርስ ሳሙናም እንደዚያው፣ ቀን ሁለት ቀን ይሠራና ይደርቃል።

የግራፊክስ ካርድ ቺፕ ራቁቱን ነው፣ እንደ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) የብረት ቆብ የለውም። ስለዚህ አዲሱን ፔስት ስስ አድርገህ ላዩን ሙሉ አዳርሰው፣ ጥግ ሳይቀር። ሜሞሪዎቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች ካልተቀደዱ አትንካቸው። ከተቀደዱ ግን ትክክለኛውን ውፍረት ፈልግ፤ ግማሽ ሚሊሜትር ከወፈረ ብረቱ ቺፑን አይነካውም፣ ከበፊቱ የባሰ ይግላል። ብሎኖቹን ደግሞ የመኪና ጎማ እንደሚታሰረው በመስቀልኛ፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቅ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርህ፣ ነፃ ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጫን፤ ካርድህ የሌላ ድርጅት ቢሆንም ይሠራል። «ፓወር ሊሚት» የሚለውን፣ ማለትም ካርዱ የሚበላውን ኃይል ጣሪያ፣ ከ100 ወደ 80 ፐርሰንት አውርደው። 125 ዋቱ 100 ይሆናል። የአንድ አምስተኛ ሙቀት ቀነስክ፣ ፍጥነቱ ግን የሚወርደው በጥቂት ፐርሰንት ነው። ሬንደርህ ላይ ልዩነቱን ሰዓት ይዘህ ካልሆነ አትለየውም። ለጌሙ ደግሞ ሞኒተርህ 60 ኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ከሆነ፣ ፍሬሙን (ካርዱ በሰከንድ የሚሠራውን ምስል) 60 ላይ ገድበው። ስክሪንህ የማያሳየውን 140 ፍሬም ለማምረት ካርዱን ለምን ታለፋዋለህ?

ስክሪኑ ድርግም ብሎ የጠፋውን ሁለት ጊዜ ግን ለብቻው እንየው። ኤችደብሊውኢንፎ ቁጥሮቹን ፋይል ላይ እየመዘገበ እንዲቆይ አድርገው። እንደገና ሲጠፋ የመጨረሻውን መስመር ክፈት። 88፣ 89 ካለ ሙቀት ነው። 70 ላይ እያለ ከጠፋ ግን ካርዱን ተወውና ፓወር ሰፕላዩን፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ጠርጥር፣ ወይም የሰፈርህን መብራት። ገርጂ ማታ ማታ መብራቱ እንዴት እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ።

ኬዙን የት ታስቀምጠው? ከቡፌው ውጪ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ፣ ከወለሉም ከፍ ብሎ። ለእናትህ ዳንቴሉን ለሌላ ነገር ስጣቸው።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነኝ። ያገለገለ አርኤክስ 580 ገዛሁ። ሻጩ ማይኒንግ (በካርድ ዲጂታል ገንዘብ ማምረት) ላይ አልዋለም ብሎ ምሎልኛል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ተመሳሳይ ካርድ አለው፤ የሱ 70 ላይ ሲቆም የኔ 85 ይደርሳል። ተሸወድኩ እንዴ?

መልስ፦ አቦ፣ መጀመሪያ ቴርሞሜትር ፈልግ። ፋን ካርዱን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም። የአክስትህ ልጅ ክፍል 20 ዲግሪ ከሆነና ካርዱ 70 ከደረሰ፣ ካርዱ ከክፍሉ በላይ የጨመረው 50 ነው። ያንተ ክፍል 35 ከሆነ ላዩ ላይ ያንኑ 50 ደምርበት። 85። ካርዱ አንድ ነው፣ የተለየው ድሬ ናት። እንዲያውም እናንተ ጋ አየሩ ወፈር ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ፋን የሚገፋውም ያንን የሳሳ አየር ነው። የነሱ ዕድል ክፍላቸው መቀዝቀዙ ነው።

መሐላውን በተመለከተ፣ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 2022 በፈረንጅ አቆጣጠር በካርድ መመረቱን ሲያቆም፣ ማይኒንግ ላይ የዋሉ ካርዶች ዓለምን አጥለቅልቀዋል። አርኤክስ 580 ደግሞ ከዋናዎቹ አንዱ ነበር። ስለዚህ ማይኒንግ ላይ ውሎ ሊሆን ይችላል፣ ያ ብቻውን ግን አያስደነግጥም። ቺፑ ሳይሆን ፋኑ ነው የሚያልቀው፣ ቀን ከሌት ሲዞር ስለኖረ። ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ክንፉን በጣትህ ነቅነቅ አድርገው። ከተወዛወዘ ወይም ሲዞር እንደ ወፍጮ ከገረገረ ፋኑን ብቻ ቀይር። ከዚያ የቺፑ አምራች ኤኤምዲ ራሱ ባዘጋጀው አድሬናሊን ሶፍትዌር ቮልቴጁንና ፓወሩን ቀነስ አድርግ፤ ይህ ካርድ 185 ዋት የሚበላ በላተኛ ስለሆነ ቅነሳው ይታወቅለታል። ክዳኑን ከፍተህ ቬንትሌተር ማዞር? ይሠራል። በየሳምንቱ አቧራ ለመጥረግ ከተዘጋጀህ።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ነኝ። አዲስ ካርድ ገዝቼ ፋኑ ጭራሽ አይዞርም። ልመልሰው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቆይ አትቸኩዪ። አሁን ያሉት ብዙዎቹ ካርዶች ሥራ ሲቀልላቸው ፋናቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ። 50 ወይም 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መዞር ይጀምራል። ጌም ክፈቺና ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። 70 አልፎም ዝም ካለ ያኔ መልሺው፣ ደረሰኙን አትጣዪ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ሙሉ አያጠፋውም። ጎኑን ስነካው ይሞቃል። እኔ እንቅልፍ የለኝም፣ ቤት ያቃጥል ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እማማ፣ ጎኑ ለብ ማለቱ አያስፈራዎት። ውስጡ ያለው የግራፊክስ ካርድ ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል። እጅዎን የሚያስቀምጡት ሌላ ቦታ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬትና ማከፋፈያውን ይንኩ። እዚያ ላይ ኮምፒውተሩም፣ ሞኒተሩም፣ የውሃ ማፍያውም፣ ምጣዱም አንድ ላይ ተሰክተው ከሆነ፣ ፕላስቲኩም የሚፋጅ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ የሚሸት ከሆነ፣ ከግድግዳው አይንቀሉት፤ መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ መብራቱን ያጥፉና ኤሌክትሪሻን ይጥሩ። ለልጅዎ ደግሞ ምጣድና ኮምፒውተር አንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰካም ይበሉልኝ።