«ሆዴን ያመኛል» የሚለው ልጅ እና የጎንደሩ ጉዞ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ትምህርት ቤቱ የ11 ዓመት ልጄንና ጓደኞቹን ጎንደር ወስዶ አንድ ሌሊት አሳድሮ ሊመልሳቸው ነው። ጓደኞቹ ቀኑን እየቆጠሩ ነው። እሱ ግን ወሬው በተነሳ ቁጥር «ሆዴን ያመኛል» ይላል። እስካሁን የሚተኛው ከአያቱ ጋር ነው፤ ሌላ ቤት አድሮ አያውቅም። አባቱ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» እያለ ይቆጣዋል። እኔ አንጀቴ አልችል ይለኝና «ካልፈለገ ይቅርበት» እላለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ የሆድ ሕመሙን «ውሸት ነው» እንዳትሉት። ጭንቀት የእውነት ሆድ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ልጁ እያስመሰለ አይደለም።

ግን «ይቅርበት» ሲሉት ሆዱ ወዲያው እንደሚሻለው ልብ ብለው ይሆናል። አስቸጋሪው ነገር ይሄ ነው። ልጁ «የዳንኩት ስለቀረሁ ነው» ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ብሶ ይመጣል። የአባቱ ቁጣም አይጠቅምም። ፍርሃቱን አያጠፋውም፤ እንዲደብቀው ብቻ ያደርገዋል። የሚበጀው በቂ ድጋፍ ሰጥቶ እንዲሄድ ማገዝ ነው።

መጀመሪያ የፈራውን ነገር ለይተው ይወቁ። «ለምን ፈራህ?» ካሉት «እንጃ» ነው የሚልዎት። አብራችሁ ዳቦ ልትገዙ ስትሄዱ ወይም በጣና ዳር ስትራመዱ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ «ማታ መብራት ሲጠፋ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ይበሉት። አንዱ ልጅ የሚፈራው ሌሊት ሽንት ቤት መሄዱን ነው። ሌላው ማንም አብሮኝ አይተኛም ብሎ ነው። የእርስዎ ልጅ ደግሞ «እኔ በሌለሁበት አያቴ ብትታመምስ?» ብሎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ አያቱ ራሳቸው «ሂድ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ መጥተህ ታጫውተኛለህ» ቢሉት ከእኛ ምክር ሁሉ ይበልጣል።

አንድ ነገር በጓዳ ይጠይቁት፦ ሌሊት ሽንት ያመልጠዋል? ብዙ ልጆች ይህን ከሚናገሩ ከጉዞ መቅረትን ይመርጣሉ። ስንፍና አይደለም፤ በወንዶች ላይ ይበዛል፣ በዘርም ይመጣል። ከሆነ ለአስተማሪው ለብቻው ይንገሩት። ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት እንዲያደርሱት፣ ቅያሪ ፒጃማ በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳው ሥር እንዲይዝ ያድርጉ። ማንም አያውቅበትም።

ስለ መንገዱ ደህንነት እናንተም ስጋት ካላችሁ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። ይሄ የአዋቂ ውሳኔ ነው። ልጁ እየሰማ ግን አታውሩት፤ ልጆች ከምናስበው በላይ ይሰማሉ።

ከዚያ ልምምድ። ጉዞው ሳይደርስ አክስቱ ቤት ወይም የሚወደው ጓደኛው ቤት አንድ ሌሊት ይደር። ቢያለቅስም እዚያው ይደር፤ ጠዋት ላይ «አደርኩ እኮ!» የሚለውን ራሱ ይናገረው። ከዚያ በፊት እቤት ለብቻው መተኛት ይጀምር። ጉዞውንም ቁርጥ ቁርጥ አድርገው ይንገሩት፦ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን አልፈው ጎንደር ይገባሉ፤ የፋሲልን ግንብ ያያሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ያያሉ፤ እራት፣ መኝታ፣ በማግስቱ ቤት። ቦርሳውን ራሱ ያዘጋጅ። የአያቱን ነጠላ መያዝ ከፈለገ ይያዝ፣ ምንም ነውር የለበትም።

«ከከፋህ ደውልልኝ፣ መጥቼ አመጣሃለሁ» የሚለውን ቃል ግን በፍጹም አይግቡለት። ሲሰማው «እማዬም እንደማልችል ታስባለች» ማለት ይሆንበታል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስበውም መደወሉን ነው። ይልቅ «ማታ ትንሽ ሊከፋህ ይችላል። ሲከፋህ ለአስተማሪህ ንገረው፤ ጠዋት ይቀልሃል» ይበሉት። ሲሸኙትም ሳሙት፣ መርቁት፣ ቶሎ ተመለሱ። አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ እያለቀሱ መቆም ለእሱ ሸክም ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልሄደ አትውቀሱት፤ አክስቱ ቤት ማደሩን ግን ይቀጥል። ከእናንተ መለየት ትምህርት ቤት ከመሄድ ካስቀረው፣ ወይም ጭንቀቱ ከ4 ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቀጠለ ግን ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ይህ በሕክምና የሚስተካከል ችግር ነው።