ከአያቷ እጅ ካልሆነ አትበላም

ጥያቄ፦ «የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ባንክ ነው የምሠራው፤ ቤት የምገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ልጄ ቀን የምትውለው ከባለቤቴ እናት ጋር ነው። እማማ ከወሎ የመጡት እኔ ስወልድ ሊያርሱኝ ነበር፤ በዚያው አብረውን ቀሩ። ልጄ ድሮ የሰጠናትን ሁሉ ትበላ ነበር። አሁን ከፓስታ፣ ከዳቦ በሻይና ከኢንዶሚ ሌላ አትነካም። ሽሮ ስታይ አፏን በእጇ ትይዛለች። እማማ ስልክ ላይ ካርቱን ይከፍቱላትና ሳታውቀው ያጎርሷታል። ስታለቅስም አይተዉም። እኔ ቅዳሜና እሁድ ደክሜ የሠራሁትን ‹አልፈልግም፣ እማማ ታጉርሰኝ› ትላለች። ባለፈው እሁድ እያለቀሰች ሲያጎርሷት ትን አላት። ደንግጬ ሳህኑን ከእጃቸው ነጥቄ ‹ልጄን ሊገሏት ነው!› ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም። አገሬ እገባለሁ እያሉ ነው። ባለቤቴ ‹ልጅ ናት፣ ስታድግ ትተወዋለች፤ አንቺ ግን እናቴን ይቅርታ ጠይቂ› አለኝ። ልጄን እንዴት ላብላት? ጥፋተኛዋስ እኔ ነኝ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር። እሱ ሳይፈታ የምግቡ ነገር አይፈታም።

ማስቆምሽ ትክክል ነው። ልጅ ስታለቅስ አየር በኃይል ወደ ውስጥ ትስባለች። በዚያ ቅጽበት አፏ ውስጥ ያለው ጉርሻ ወደ አየር ቧንቧዋ ሊገባ ይችላል። የሚያለቅስ ልጅ አይጎረስም። በዚህ ድርድር የለም። ስለዚህ ምግቡን ስላስቆምሽ ይቅርታ አትጠይቂ። ይቅርታ የምትጠይቂው ስለ ቃሉ ነው። ቀዬአቸውንና ጎረቤታቸውን ትተው መጥተው ልጅሽን ላሳደጉ እናት «ልጄን ሊገሏት ነው» መባል በጣም ይከብዳል። «እማማ፣ ትን ሲላት ነፍሴ ወጣች፤ የተናገርኩት ግን ለእርስዎ የሚገባ ቃል አልነበረም» በያቸው። ከዚያ «ግን» ብለሽ አትቀጥዪ። ስለ ምግብ የምታወሩበትን ቀን ለብቻው አድርጊው።

ስለ እማማ አንድ ነገር እንድታስቢ እፈልጋለሁ። ዕድሜያቸውን አልጻፍሽልኝም። ወሎ ያደጉ አያት ከሆኑ ግን የ1977ቱን ድርቅ በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው አይተውታል ማለት ነው። ምናልባትም የ1965 እና 66ቱን ጭምር። በሁለቱም ጊዜ ወሎ ክፉኛ የተጎዳ አገር ነው። ልጅ በረሃብ ሲጠወልግ ያየ ሰው፣ ምግብ የምትመልስ ልጅ ፊት በሰላም መቀመጥ ያቅተዋል። አንቺ «ጠግባለች፣ አልፈለገችም» ብለሽ የምታልፊውን እሳቸው እንደ አደጋ ሊያዩት ይችላሉ። እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና ጠይቂያቸው። ቡና በተፈላ ቀን «እማማ፣ እናንተ ልጆች ሳላችሁ ምን ትበሉ ነበር?» በያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ። ይህን የምልሽ ዘዴ አድርጌው አይደለም። የባለቤትሽን እናት ስትረጂያቸው የምትናገሪበት ድምፅ ራሱ ይለወጣል።

አሁን ወደ ልጅሽ እንምጣ።

ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት የተወለደችበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ ታደርሳለች። ከ2 ዓመት በኋላ ግን በዓመት የምትጨምረው 2 ኪሎ አካባቢ ብቻ ነው። ሰውነቷ የሚጠይቀው ምግብ ከክብደቷ አንጻር ይቀንሳል። በዚያ ላይ ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ አብዛኞቹ ልጆች አዲስ ነገር መቅመስ ይፈራሉ። ትናንት ይበሉት የነበረውን ዛሬ ይመልሳሉ። አንድ ቀን ብዙ ይበላሉ፣ በማግስቱ በሁለት ጉርሻ ይበቃቸዋል። «ድሮ የሰጠናትን ሁሉ ትበላ ነበር» ያልሽው በብዙ ቤት ያለ ነው። ልጅሽ አልተበላሸችም፤ አያቷም አላበላሿትም።

ችግሩ የሚከብደው ትልልቆቹ ሲጨነቁ ነው። ስንጨነቅ እንጫናለን። ስንጫን ልጅቷ የበለጠ ትዘጋለች። በፈረንጆቹ 2006 የታተመ አንድ ጥናት አለ። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ላሉ ልጆች ሾርባ ቀረበላቸው። አንዳንድ ጊዜ «ሾርባችሁን ጨርሱ» ይባላሉ፤ ሌላ ጊዜ ማንም ምንም አይላቸውም። የበለጠ የጠጡት ምንም ባልተባሉ ጊዜ ነው። ጨርሱ ሲባሉ ስለ ሾርባው ክፉ ክፉውን ተናገሩ። ከአጥኚዎቹ አንዷ ሊያን በርች የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ይህችው ሴት ከዓመታት በፊት በሠራችው ሥራ፣ አንድን ነገር እንዲቀምሱ ሽልማት የተሰጣቸው ልጆች ነገሩን ከበፊቱ ያነሰ እንደወደዱት አሳይታለች። ስለዚህ «ሽሮውን ከቀመስሽ ኢንዶሚ እሠራልሻለሁ» የሚለው ከንቱ ነው። ለልጅቷ የሚነግራት ሽሮ ቅጣት፣ ኢንዶሚ ሽልማት እንደሆነ ነው።

ስልኩም እንዲሁ ነው። ካርቱን እያየች የምትጎርስ ልጅ መራቧንም መጥገቧንም አታውቅም። የምግቡን ጣዕምም አትማርም። አፏ ይከፈታል እንጂ እሷ ገበታው ላይ የለችም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች የስክሪን ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። በእናንተ ቤት ምሳና እራቱ ብቻ ያንን ሳይጨርሰው አይቀርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ኤሊን ሳተር የምትባል የሥነ ምግብና የቤተሰብ ምክር ባለሙያ ለወላጆች ያስቀመጠችው የሥራ ክፍፍል አለ። እኔም ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስኑት ትልልቆች ናቸው። መብላት አለመብላቷን፣ ስንት ጉርሻ እንደሚበቃት የምትወስነው ልጅቷ ናት። አሁን ቤታችሁ ውስጥ ይህ ተገልብጧል። ምን እንደሚቀርብ እሷ ትመርጣለች፣ ስንት እንደምትበላ እናንተ ትወስናላችሁ።

«ምርጫ ከሰጠኋት ኢንዶሚ ብቻ ትበላለች» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ክላራ ዴቪስ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም በፈረንጆቹ 1939 ያቀረበችው ሥራ ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። ጡት ለጣሉ 15 ሕፃናት የሚበሉትን ራሳቸው እንዲመርጡ ፈቀደች። ልጆቹም ጤነኛ ሆነው አደጉ። ምስጢሩ የቀረበላቸው ነገር ላይ ነው። የቀረቡት 34ቱም ምግቦች ስኳር ያልተጨመረባቸው፣ ያልተቀላቀሉ ቀላል ምግቦች ነበሩ። ምርጫው የልጆቹ ነው፤ ገበያውን የሄደችው ግን ሐኪሟ ናት። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ኢንዶሚውን ከመደርደሪያ አንሱት። ጨርሶ አይከልከል፤ በሳምንት አንድ ቀን ከእንቁላልና ከካሮት ጋር ይሠራላት። ስለበላችም ስላልበላችም አይሰጣት። ቀኑ ሲደርስ እንደማንኛውም ምግብ ይቅረብ።

ለእሷ ሌላ ድስት አትጣጂ። ሁሉም አንድ ገበታ ይቅረብ። ገበታው ላይ ግን ሁልጊዜ የምታውቀው አንድ ነገር ይኑር፤ ቁራሽ ዳቦ ወይም ትንሽ ፓስታ። ሽሮው መጀመሪያ በርበሬ የሌለው አልጫ ይሁን። ከእሱ በትንሽዬ ማንኪያ በእሷ በኩል እንጀራው ላይ ጠብ አድርጊላት። ካልነካችው አትናገሪ። ከነካችውም አታጨብጭቢ። አንድን ምግብ ለመልመድ ብዙ ልጆች 8፣ 10፣ አንዳንዶች 15 ጊዜ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። ብዙ ወላጅ በሦስተኛው «ይሄን አትወድም» ብሎ ይተዋል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ገበታው ይነሳ። ወተቱ፣ ብስኩቱና ሻዩ በመክሰስ ሰዓት እንጂ ቀኑን ሙሉ አይሁን። ሻዩንስ ብታስቀሩት እመርጣለሁ። ሆዷን ይሞላል፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ደግሞ ሰውነቷ ከምግቡ የሚያገኘውን አይረን (ለደም የሚያስፈልገውን የብረት ማዕድን) ይቀንሳል።

ጉርሻን ከቤታችሁ አታስወጪ! ጉርሻ ፍቅራችን ነው፤ እሱን የሚከለክል ምክር ከእኔ አትሰሚም። ግን ይጠየቅ። «ላጉርስሽ?» ይባል። አፏን ከከፈተች ይሰጥ፤ ከዘጋች ይቅር። እሷም ታጉርስ። አባቷን ታጉርስ፣ እማማን ታጉርስ። ሽሮውን በእጇ ጠቅልላ ለሌላ ሰው የምትሰጥ ልጅ ምግቡን ነካችው፣ አሸተተችው ማለት ነው። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ማድ ቤት አብራችሁ መሆናችሁ ነው። በ4 ዓመት የምትችለው ሥራ ብዙ ነው። ምስር ትልቀም። እሸት አተር ትፈልፍል። ሰላጣ በእጇ ትበጣጥስ። የዳቦ ሊጥ ስጪያት፣ ታድቦልቡለው፣ የራሷን ትንሽ ዳቦ ትሥራ። ከሊጡ የአይጥም የወፍም ቅርጽ ታውጣ፤ ተዪያት። እሳት ሲለኮስ የእሷ ሥራ አለቀ። ከሰሉ፣ ምጣዱ፣ የሚንተከተከው ድስት አጠገብ መቆም የለባትም። ቆሎና ኦቾሎኒም ገና ነው፤ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አየር ቧንቧ ውስጥ ሊቀሩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ስታበስሉ «ትቀምሺዋለሽ» አትበያት። ሥራው ራሱ ይበቃል።

እዚህ ላይ ስለ አንቺ ልናገር። ቅዳሜና እሁድ ደክመሽ የምትሠሪው ምግብ ለሁለታችሁም ፈተና ሆኗል ብዬ አስባለሁ። ሳምንቱን ሙሉ አጠገቧ ባለመሆንሽ ይቆጭሻል። በዚያ አንድ ሳህን ልትክሻት ትፈልጊያለሽ። እሷ ስትመልሰው የተመለስሽው አንቺ የሆንሽ ይመስልሻል። «እማማ ታጉርሰኝ» ስትል «እናቴን አልፈልግም» ማለቷ አይደለም። ቀን በየቀኑ የለመደችውን እጅ መጠየቋ ነው። ልጅ ከአንድ ሰው በላይ አጥብቃ መውደድ ትችላለች። አያቷን መውደዷ ከአንቺ ድርሻ አይቀንስም። ስለዚህ ቅዳሜ ትልቅ ምግብ አትሥሪ። ቀላል ነገር ሥሪና ጉልበትሽን አብሮ ለመሥራት አድርጊው። ማታም ስትገቢ እሷ በልታ ከጨረሰች «ምን በላች?» ብለሽ አትጀምሪ። ይህ ጥያቄ እማማን ያስጨንቃል፣ ልጅቷም ትሰማዋለች። ሙዝ ወይም ብርቱካን ላጪና አብራችሁ ተቀመጡ። ፀጉሯን ቅቢያት፣ አሥሪያት፣ ተረት ንገሪያት። ያ ሰዓት የአንቺና የእሷ ይሁን።

ለእማማ ብዙ ሕግ አትደርድሪላቸው። ቀኑን የሚውሉት እሳቸው ናቸው፤ በራሳቸው መንገድ ያውሏት። ሁለት ነገር ብቻ ይስማሙልሽ፦ ገበታ ላይ ስልክ አይኖርም፣ ስታለቅስ አትጎረስም። ይህን የሚነግራቸው ደግሞ ባለቤትሽ ይሁን። የሳቸው ልጅ እሱ ነው። «እኔና እሷ የተስማማንበት ነው እማዬ» ማለት አለበት። «ይቅርታ ጠይቂ» ብሎ ዞር ማለት አይበቃም። እራት ላይም ስልኩን አስቀምጦ ይቀመጥ። ልጅ ሽሮ መብላት የምትማረው አባቷ ሽሮ ሲበላ እያየች ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ ልጅቷ አንዴም ከሁላችሁ ጋር አንድ ላይ ስትበላ አላየኋትም። በሳምንት ሦስት አራት ማታ እንኳ ብትችሉ ብዙ ነገር ይለወጣል።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። ከበፊቱ ያነሰ ልትበላ ትችላለች። ታኮርፋለች፣ ስልኩን ትጠይቃለች፣ ታለቅሳለች። እማማ ያኔ ይጨነቃሉና አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሌላም አለ። የምትበላው ሦስት ነገር ብቻ ከሆነ፣ ይህን ከመጀመራችሁ በፊት አንዴ ሐኪም እንዲያያት እፈልጋለሁ። ክብደትና ቁመቷ ይለካ። ደም ማነስ ይታይ፤ ወስፋትም ይመርመር፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋልና። የሆድ ድርቀት ካላት፣ አፈር የምትበላ ከሆነ፣ ፊቷ ከገረጣ፣ ማንኛውም ጠጣር ምግብ አፏ ሲገባ የሚያስመልሳት ከሆነ፣ ወይም ከሦስቱ ምግቦች አንዱን ደግሞ መተው ከጀመረች ለሐኪሙ ንገሪው። እንዲህ ከሆነ በገበታ ሥርዓት ብቻ የሚፈታ ላይሆን ይችላል። ስትሄጂም እማማን ይዘሻቸው ሂጂ። «ክብደቷ ደህና ነው» የሚለውን ከአንቺ አፍ ሳይሆን ከሐኪሙ አፍ ይስሙት፤ የሚፈሩትንም እዚያው ራሳቸው ይጠይቁት።