የጥምጥሙን ጫፍ ይዤ

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ "ጋሼ፣ ሲኮች ሂንዱ ናቸው ወይስ ሙስሊም?" ብላ ጻፈችልኝ። መልሱ አጭር ነው፤ ሁለቱንም አይደሉም፣ የራሳቸው ሃይማኖት አላቸው። ጥያቄው ግን አንድ ሰው አስታወሰኝ።

ፓቲያላ፣ ሕንድ ፑንጃብ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ የተከራየሁት አንድ የሲክ አዛውንት ቤት ነበር። ጠዋት ጠዋት "ና እስቲ ያዝልኝ" ይሉኛል። የጥምጥማቸው ጨርቅ አምስት ሜትር ገደማ ነው፤ ጫፍና ጫፉን ይዘን፣ ወጥረን እናጥፈዋለን። እያጠፉ ያንጎራጉራሉ። አንድ ቀን ምንነቱን ጠየቅኩ። የባባ ፋሪድ ግጥም ነው፤ አፈርን አትናቁት፣ በቁማችሁ ከእግራችሁ በታች ነው፣ ስትሞቱ ግን ከበላያችሁ ይሆናል የሚል። ፋሪድ እኮ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ሙስሊም ሱፊ ናቸው! አምስተኛው የሲኮች መምህር ጉሩ አርጃን በ1604 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ባሰባሰቡት የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ግን ከ100 በላይ ስንኞቻቸው ገብተዋል። "ታዲያ የማን ናቸው?" አልኩ። ሳቁብኝ። "የኛ ናቸዋ!"

ሰውዬው የተወለዱት የፋሪድ መቃብር ያለበት፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ የሚገኘው ፓክፓታን ነው። በ1947 አገር ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ ሲከፈል በጎረምሳነታቸው ተሰደው መጡ። በልጅነታቸው እናታቸው እመቃብሩ ደጅ እንዴት ይወስዷቸው እንደነበር ሊያወሩኝ ሲጀምሩ ሰዓቴን አየሁ። ክፍል ነበረኛ። "ማታ ይነግሩኛል" አልኩ። ማታው ሌላ ማታ ሆነ፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፍ። ርዕሱስ ቢባል? የመካከለኛው ዘመን የፑንጃብ ሃይማኖቶች! ሂንዱ፣ ሙስሊም፣ ሲክ ብዬ ሰንጠረዥ አሰመርኩ። ለሲክ ሃይማኖት መሥራች ለጉሩ ናናክ ረባብ (ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ) ይመታላቸው የነበረው ማርዳና ሙስሊም እንደነበር፣ ፋሪድ ቤት ጆጊዎች፣ ማለትም የሂንዱ መናኞች፣ እየመጡ ይወያዩ እንደነበር አንብቤያለሁ። ሰንጠረዡ ውስጥ አልገባ ሲሉኝ በግርጌ ማስታወሻ ሸኘኋቸው።

ድሮ ሁሉም ፍቅር ነበር አልልም፤ መጽሐፉን ያሰባሰቡት ጉሩ አርጃን ራሳቸው በ1606 ያኔ ሕንድን ይገዛ በነበረው በሙስሊሙ የሙጋል ንጉሥ በጃሃንጊር ዘመን ላሆር ላይ ተገድለዋል።

የዛሬ ልጆች "ወይስ" ታበዛላችሁ። ስልኩ ነው ያስለመዳችሁ ልል ነበር፣ ግን እኔ ያን ሰንጠረዥ ያሰመርኩት በማስመሪያና በእርሳስ ነው። አንብቡ አልላችሁም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። አከራያችሁ ወሬ ሲጀምሩ ግን ክፍሉ ይለፋችሁ።

የምመለስ ቀንም ጨርቁን ያዝኩላቸው። ታክሲው ውጭ ጡሩምባውን ይነፋል። "ያ የእናቴ ነገር..." ሲሉ "በደብዳቤ ይጽፉልኛል" ብዬ ጫፉን ሰጠኋቸው። ማንበብ እንጂ መጻፍ እንደማይችሉ ልጃቸው የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ነው።